ሕዝብ የመረጠው ወንድሜ

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር «ሕዝቡ ራሱ ይመርጣል» ማለት ይወድ ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ከኮልፌ ሰፈራችን ወጣት አምጣ ሲባል፣ አብዮት ጠባቂ ልኮ ከማሳፈስ ስብሰባ መጥራት መረጠ። በጉልበት ሲወሰድ የሚጠላው መንግሥት ነው፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ከመረጠ ግን ማን ማንን ይወቅሳል? ተንኮሉ የገባኝ ኋላ ነው።

የሰፈሩ ሰው ታላቅ ወንድሜን መረጠ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ አባታችን ሞቷል፣ የሚከራከርልን የለም። በቤቱ ያለነው እናቴ፣ ሁለት ወንድሞቼና እኔ ሴቷ ነን። የወንድሜን ስም መጀመሪያ የጠራው አጣና ነጋዴው ጎረቤታችን ነበር። እሱ አራት ጎረምሳ ልጆች ነበሩት፤ አራቱንም ዘመድ ጥየቃ ብሎ አገር ቤት ሰዷቸዋል። አዳራሹ አጨበጨበለት።

ምልምሎቹን ሊረከብ የመጣው መቶ አለቃ ወንድሜን አየት አድርጎ ፊቱን አጨማደደ። ወንድሜ አስም ነበረበት፤ ያን ቀንም ደረቱ እንደ ወናፍ ያፏጭ ነበር።

«ይሄ ልጅ ታማሚ ነው። እኔ የምፈልገው የሚዋጋ ሰው ነው፤ ይቀየርልኝ» አለ።

ደስ አለኝ። እናቴ እጄን ጭምቅ አደረገችው። ሊቀ መንበሩ ግን ወዲያው ወደ ሕዝቡ ዞረ።

«እንግዲህ በማን ይቀየር?»

ሰው ሁሉ አቀረቀረ። ከዚያ ያው አጣና ነጋዴ ተነሳና «እዚያው ቤት ታናሽየው አለ፤ እሱ ጤነኛ ነው» አለ። ታናሽየው ገና ጢም እንኳ አላበቀለም። እንደገና ተጨበጨበ። ያን ጭብጨባ እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ።

እናቴ እጄን ለቃ ተነሳች።

«የኔ ጌታ፣ የታመመ የለም» አለችው መቶ አለቃውን። «ጉንፋን ነው የያዘው። ትልቁ ልጄ ጠንካራ ነው፤ እሱን ውሰዱት።»

«እናት፣ እርግጠኛ ነዎት?»

«የወለድኩት እኔ አይደለሁ?»

መቶ አለቃው ወደ ወንድሜ ዞሮ «እውነት ነው?» አለው። ወንድሜ እናታችንን አያት። አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች። ቀጥ ብሎ ቆመና «ጤነኛ ነኝ» አለ።

እስከ መኪናው ድረስ ከኋላው ተከተልኩት። ሳሉ እየተናነቀው ትከሻው ይንቀጠቀጣል። መቶ አለቃው ከጎኑ ስለነበር ከንፈሩን ነክሶ ያዘው፤ አንዴም አልሳለም። ሳሉን የለቀቀው መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ማንም አይመልሰውም ነበር።