የባለ ጣራው ድልድይ ዘበኛ

ይታወቅ! ኮልፌ ወንዝ ላይ ለተጋደመው ባለ ጣራ የእንጨት ድልድይ፣ የታሪክ ዘብና የሰፊው ሕዝብ አለኝታ የሆነ አንድ ሽማግሌ ተሹሟል። የማዕረግ ልብሱ ብብቱ የተተረተረ ካፖርት ነው፤ ፊሽካም አለው።

ቀበሌው እንግዳ ባመጣ ቁጥር ቀጥ ብሎ ይቆምና ያነበንባል፦ «ፊውዳሉ በጭሰኛ ጉልበት አሠራው። ጣሊያን ጣራ አለበሰው። በስልሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ቀበሌያችን ቀባው። በሰባ ወለሉ ታደሰ።»

«አባባ፣ ስልሳ ዘጠኝን የት ጣሉት?» አለው ባለፈው አንድ ቀልደኛ ካድሬ።

«ዝናብ ነበር፣ ጓድ።»

እንግዶቹ ሳቁ፤ እሱም ሳቀላቸው። በስልሳ ዘጠኝ አብዮት ጠባቂዎች ሴት ልጁን ከዚያው ጣራ ሥር ይዘው ሲወስዷት፣ መኪናቸው እንዲያልፍ የድልድዩን መዝጊያ ሰንሰለት ያወረደው በገዛ እጁ ነው። ማልቀስ ክልክል ነበርና ድንኳን አልተጣለም፣ ለቀስተኛም አልመጣም። በማግስቱ ሥራ ገባ። ከዚያ ወዲህ ዝንብ ፊቱ ላይ ብታርፍ እንኳ እሽ አይላትም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ መፈክር ለማሰማት ጉሮሮህ የማይደክም ጎበዝ ነህና፣ በዚያ ስታልፍ ጠጋ ብለህ «እግዜር ያጥናዎት» በለው። ቀስ ብለህ ታዲያ። ቀና ብሎ ስሟን የነገረህ እንደሆነ ግን፣ አደራህን፣ እንዳትረሳው።