እትዬ አስካለና የሚሸጠው ቤት

ክረምት ሲገባ ከራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ኮክ የሚሸጡ ሴቶች ሳፋቸውን ደርድረው ይቀመጣሉ። ከሥር ያለው ኮክ በላይኛው ክብደት ተጨፍልቆ፣ ዝናብ ሲነካው የሚወጣው ያ ኮምጠጥ ጣፈጥ ያለ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው፣ ሥራ ረፈደብኝ አልረፈደብኝ እግሬ ቀጥ ይላል። ከኋላዬ ያለው ሰው በትከሻው ይገፈትረኛል፣ የታክሲው ረዳት «እህት፣ ትገቢያለሽ ወይስ ሐውልት ነሽ?» ይለኛል፣ እኔ ግን በልቤ አያቴ ግቢ ውስጥ ገብቻለሁ።

ያ ግቢ ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ፣ ወደ ወንዙ በሚያዘቀዝቀው ቁልቁለት ላይ ነበር። ቤቱ የድሮ የጭቃ ፎቅ ነው፤ ግድግዳው በኖራ ተለቅልቆ፣ ዙሪያውን በእንጨት በረንዳ ተከቦ፣ ደረጃው በተረገጠ ቁጥር እንደ አሮጊት የሚያቃስት። ከቤቱ በታች ግን ግቢው መጨረሻ የለውም ነበር፤ መጀመሪያ ጽጌረዳው፣ ቀጥሎ ኮኩና ሮማኑ፣ ከዚያ ጎመኑና ጌሾው፣ ከዚያ ደግሞ እስከ ወንዙ አፋፍ የሚወርደው ባሕር ዛፍ። ፒያሳ መሐል እንዲህ ያለ ግቢ አለን ስል የትምህርት ቤት ጓደኞቼ «ቀደዳሽን ተይ» ይሉኝ ስለነበር፣ አንድ ቀን ሁሉንም ሰብስቤ አመጣኋቸውና ሆዳቸው እስኪነፋ ኮክ አበላኋቸው።

ግቢውን እንዲያ ያደረገችው የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ አስካለ ነበረች። ትዳር አልያዘችም፤ አባቷን፣ ያው አያቴን፣ አስታማ ቀብራ፣ ከእኛ ጋር እዚያው ቤት ቀረች። እናቴ ቢሮ ስለምትውል እኔንም ወንድሜንም ያሳደገችን እሷ ናት፤ እትዬ ብዬ ብጠራትም አንቺ እያልኩ ነበር የማናግራት። ከንጋት ጀምሮ መቀሷን ይዛ፣ ጫማዋ ጭቃ እንደጎረሰ፣ አትክልቱ ውስጥ ስትርመሰመስ ትውላለች። አንድ ነገር ብቻ አይሆንላትም ነበር፤ እምቢ ማለት። መሰላል የለመነ መሰላል፣ ጎመን የለመነ ጎመን ይዞ ይሄዳል፤ ወስዶ ያልመለሰም ነገ መጥቶ ሌላ ይለምናል፣ መልሷ «እሺ» ነው። የሰፈሩ ጎረምሶች፣ አራዳ አይደሉ፣ «ወይዘሮ እሺ» ብለው ሰይመዋት ነበር። እሷ ስትሰማቸው ትስቅ ነበር፣ እኔ ግን አንጀቴ ያርር ነበር።

አሥር ዓመት እንደሞላኝ በገባው ክረምት፣ የአባቴና የእትዬ አስካለ ታላቅ ወንድም ጋሼ ተፈራ አንድ ሰው ይዘው መጡ። ጋሼ ተፈራ መርካቶ ሱቅ ያላቸው፣ ቆፍጠን ያሉ ሰው ነበሩ፤ እኛ ልጆቹ ቀርተን አባቴም እርስዎ ነበር የሚላቸው። የመጣው ሰው ጥቁር የዝናብ ካፖርት ለብሶ፣ ጫማው እንደ መስታወት ያብለጨልጭ ነበር። ኮኩ ሥር ሲደርስ የበሰበሰውን ረግጦ ሊያዳልጠው ሲል ጋሼ ክንዱን ያዙት፤ ለምን ያዙት ብዬ እስከ ማታ ተናደድኩ። ሰውየው ግቢውን በእርምጃው ለካ፣ አፈሩን በጫማው ጫፍ ቆፈር ቆፈር አደረገ፣ ወንዙን አየ። ቤቱን ግን አንዴም ቀና ብሎ አላየውም። ልጅ ብሆንም ገባኝ፤ ቤቱን የሚፈልገው ለማፍረስ ነው።

ሰውየው ከሄደ በኋላ ጋሼ ተፈራ ሳሎን ቁጭ ብለው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ነገሩን አወጡት። ቤቱ አርጅቷል፣ አንድ ቀን በላያችሁ ላይ ይወድቃል፣ በየዓመቱ ጣሪያ የማለብሰው እኔ ነኝ፣ ከእንግዲህ ግን ይበቃኛል አሉ። እውነታቸውንም ነበር፤ ያን ክረምት ራሱ መኝታ ቤታችን ውስጥ ባልዲ ደቅነን ነበር የምናድረው። ለአባቴ በድርሻው አፓርታማ እንደሚገዛለት ነገሩትና ወደ እህታቸው ዞሩ። «አስካለ ደግሞ እኔ ዘንድ ትኖራለች። የጓሮው ክፍል ባዶ ነው።»

ያን ክፍል ሁላችንም እናውቀዋለን። የሠራተኛ ክፍል ነው፤ ያለችው አንዲት መስኮት የጎረቤት ግንብ ላይ ነው የምትከፈተው። ግቢው ከዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ ነው። የጋሼ ሚስት ደግሞ ምላሳቸው ስለት ነበር፤ እትዬ አስካለ እዚያ ከገባች ምን ሆና እንደምትኖር ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። አባቴ ወለሉን አየ። እናቴ አባቴን አየች። እትዬ አስካለ እጆቿን መቀነቷ ላይ አጣምራ «እሺ ጋሼ» አለች።

ቤቱን ሦስቱ በጋራ የወረሱት ስለነበር ሦስቱም ካልፈረሙ አይሸጥም ነበር። ይህን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። አባቴ ጠብ የሚባል ነገር የማይወድ መምህር ነው፣ ይፈርማል። የቀረችው እሷ ብቻ ናት። መስከረም ጠብቶ፣ ጽጌረዳው ፈክቶ፣ ሰው ሁሉ እንኳን አደረሰህ ሲባባል፣ እኔ እግር እግሯን እየተከተልኩ እነዘንዛት ጀመር።

«እትዬ፣ እምቢ በያቸው።»

«ማንን? ጋሼን?» መቀሷ ቆመ። «እናታችን ስትሞት እኔ አንቺን አክል ነበር። ትምህርት ቤት ያስገቡኝ እሳቸው፣ ያለበሱኝ እሳቸው። በየት በኩል አፌን ልክፈት?»

«እሺ፣ አፍሽን አትክፈቺ። አትፈርሚ ብቻ።»

«ብዕሩን ሲሰጡኝ እጄን የት ላድርገው?» አለችና ወደ ጽጌረዳዋ ተመለሰች።

ያን ቀን ጠላኋት። እንዲህ ያለ ልፍስፍስ ሰው አይቼ አላውቅም አልኩ በልቤ። ሳምንት ሙሉ አላናገርኳትም፤ እሷ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ጸጉሬን ስትሠራኝ፣ ምሳዬን ስትቋጥርልኝ ሰነበተች።

በጋው የጭንቅ በጋ ነበር። ገዥው ሰው አንዴ ከቀያሽ ጋር፣ አንዴ ከወንድሙ ጋር እየመጣ፣ ባሕር ዛፎቹ ላይ ቀይ ቀለም አስቀብቶ ሄደ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ሁላችንም እንደነግጥ ነበር። እናቴ ከሱቅ ካርቶን እየለመነች ዕቃ ማሸግ ጀመረች፤ አባቴ ከትምህርት ቤት ቶሎ መምጣት ተወ። እትዬ አስካለ በዚህ መሐል፣ በጥር ፀሐይ፣ አዲስ ጽጌረዳ ትተክል ነበር። እናቴ በረንዳው ላይ ቆማ አይታት አይታት «ኧረ አስካል፣ ለማን ነው የምትተክይው?» ብትላት፣ ቀና ብላ ፈገግ አለችና ውሃ ልትቀዳ ሄደች። እናቴ ከንፈሯን መጠጠች። ሴትየዋን አእምሮዋን ነካ ሳያደርጋት አልቀረም ብላ ለአባቴ ስትነግረው ሰምቻለሁ።

ፊርማው ያን ያህል የዘገየው በጊዮርጊስ ማኅበር ምክንያት ነበር። ማኅበሩ የአያቴ ማኅበር ነው፤ የሰፈሩ ሱቅ ባለቤቶች፣ ልብስ ሰፊዎች፣ ጡረተኞች በየወሩ በሃያ ሦስት በየተራ ቤታቸው ይጠራሩና ጠላና ዳቦ ቀምሰው፣ ጸልየው ይለያያሉ። ትልቁ ድግስ ግን ዓመት በዓሉ፣ የሚያዝያው ጊዮርጊስ ነው። ያን ዕለት ቄሱ በነጠላ የተሸፈነውን ጽዋ ለመጪው ዓመት ደጋሽ ያስረክባሉ፤ የተረከበው ሰው ጽዋውን ወስዶ ያስቀምጣል፣ ዓመቱ ዞሮ ሲመጣ በገዛ ቤቱ ይደግሳል። ያ ዓመት የእኛ ቤት ተራ ነበር። ጋሼ ተፈራ ማኅበሩን እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚያዩ ሰው ስለነበሩ «የአባታችንን ቤት በጊዮርጊስ እንሰናበተዋለን፤ በማግስቱ እንፈርማለን» ብለው ገዥውን አስታገሡት።

ፋሲካ አልፎ ቀኑ ደረሰ። ሳሎኑ ጢም አለ፤ ወንዶቹ ግድግዳውን ይዘው በአግዳሚ ላይ፣ ሴቶቹ በበሩ በኩል። ጋሼ ተፈራ ከቄሱ ቀጥለው ተቀምጠው፣ ፊታቸው የእፎይታም የሐዘንም ነበር። እኔ በሩ ሥር ተወሽቄ፣ ነገ በዚህ ሰዓት ሁሉም ነገር ያበቃል እል ነበር። እትዬ አስካለ የዳቦ ትሪ ይዛ በሰው መሐል ትመላለሳለች። ተበልቶ፣ ተጠጥቶ፣ ጸሎት ከደረሰ በኋላ ቄሱ ጽዋውን አንስተው ቆሙ።

«የዛሬ ዓመት ያድርሰን። ተረካቢው ማነው?» አሉ።

ተረካቢው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ የጎረቤታችን ልብስ ሰፊ አቶ ጌታሁን ናቸው፣ ደንቡ ስለሆነ ነው የሚጠየቀው። አቶ ጌታሁን ጋቢያቸውን አስተካክለው ሊነሡ ሲሉ፣ እትዬ አስካለ ትሪውን መሬት አስቀመጠች፣ ነጠላዋን በሁለት እጆቿ ላይ ዘረጋች፣ ቄሱ ፊት ሄዳ ቆመች።

«እኔ ነኝ አባቴ። የዛሬ ዓመት ጊዮርጊስን እኔ እደግሳለሁ። እዚሁ፣ በዚህ ቤት።»

 የጋሼ ተፈራ ፊት መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ አመድ መሰለ።

«አስካለ፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «ተራው የጌታሁን ነው። ተቀመጪ።»

«እሺ ጋሼ» አለች።

እጆቿን ግን አላጠፈችም። እሺ እንዳለች፣ አንገቷን እንደደፋች፣ እዚያው ቆማ ቀረች።  ጋሼ ሁለተኛ «አስካለ!» አሏት፤ ሁለተኛም «እሺ» አለች፣ አልተነቃነቀችም። ቄሱ ግራ ተጋብተው አንዴ ጋሼን አንዴ አቶ ጌታሁንን አዩ። አቶ ጌታሁን ነገሩ ገብቷቸዋል፤ የእኛን ቤት ጉዳይ ያልሰማ የሰፈር ሰው አልነበረም። ጋቢያቸውን መልሰው ተከናነቡና «ለጊዮርጊስ የተዘረጋ እጅ ባዶውን አይመለስም። ተራዬን ለቅቄያለሁ» አሉ። ቄሱም ጽዋውን እጆቿ ላይ አስቀመጡት፣ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እናቴ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ታለቅስ ነበር።

እንግዳው ሲበተን ጋሼ ተፈራ አልሄዱም። በረንዳው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው፣ አትክልቱን እያዩ ቆዩና እህታቸውን አስጠሩ። አሁን ይመቷታል ብዬ ከበሩ ጀርባ ተለጠፍኩ።

«በጊዮርጊስ መጣሽብኝ አይደል?» አሏት።

«ምን ላድርግ ጋሼ። እርስዎን እምቢ የምልበት አፍ የለኝ።»

«እኔስ ማኅበርተኛው ፊት ለታቦቱ ቃል የተገባበትን ቤት ሸጬ ማስፈረስ የምችል ይመስልሻል?»

  ባርኔጣቸውን አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩና «ለሰውየው ምን ልበለው?» አሏት፣ ድምፃቸው ንዴቱ ሁሉ ወጥቶለት፣ የደከመ ሰው ድምፅ ሆኖ።

«የዛሬ ዓመት ይበሉት» አለች።

ሰውየው ዓመት የሚጠብቅ ሰው አልነበረምና ሌላ ቦታ ገዛ። ጋሼ ተፈራ ለብዙ ወራት ቤታችን አልመጡም። በሚቀጥለው ሚያዝያ ግን መጡ፣ ከቄሱ አጠገብ ተቀመጡ፤ ቄሱ ተረካቢው ማነው ብለው ሲጠይቁ፣ እትዬ አስካለ ገና ከሴቶቹ መሐል ሳትነሣ፣ ጋሼ ከዳቧቸው ላይ ቀና ሳይሉ «አስካለ ናት» አሉ። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ እንዲሁ ሆነ። ጣሪያውንም እያጉረመረሙ ማልበሳቸውን ቀጠሉ።

አሁን ጋሼም፣ አባቴም፣ እትዬ አስካለም የሉም። ማኅበርተኛውም አንዳንዱ አርፎ፣ አንዳንዱ ሰፈር ለቅቆ፣ ማኅበሩ ማንም በቃ ሳይለው ቀረ። ቤቱ ለእኔና ለወንድሜ ደረሰን። በረንዳው ወደ ወንዙ አዘንብሏል፣ ግድግዳው በድጋፍ ነው የቆመው፣ ሁለታችንም ከከተማው ዳር ስለምንኖር ግቢውን አረም ውጦታል። ደላላው በስልኩ ፎቶ አንስቶ «ፒያሳ ጊዮርጊስ አጠገብ፣ ሰፊ የአትክልት ቦታ ያለው ጥንታዊ ቤት» ብሎ ለጠፈው፤ ገዥም ወዲያው ተገኘ።

እኔ እምቢ ማለት የማውቅ ሴት ነኝ። መሥሪያ ቤት አለቃዬን እምቢ እላለሁ፣ ባሌን እምቢ እላለሁ፣ ደላላውንም በዋጋው ሁለት ጊዜ እምቢ ብዬዋለሁ። የእትዬ አስካለን ያልተባለ እምቢታ ሁሉ እኔ እያልኩላት ነው እያልኩ እኮራም ነበር። እሷ እምቢ የምትልበት አፍ ሳይኖራት ያን ቤት እስከ ዕለተ ሞቷ አቆየችው። እኔ ባለፈው ሳምንት ሄጄ ፈረምኩ። ማንም አላስገደደኝም፤ ብዕሩን ከማንሣቴ በፊት ወንድሜ «ካልፈለግሽ ይቀራል» ብሎኝ ነበር።