ባሏ ያልተገኘው የኮራ ጅረት ዝንብ

ዩና ትሪፊት አንዲት ፀጉር ብቻ በቀረችው ብሩሽ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ትለያለች። እርስ በርስ ስለሚጣበቁ መቸኮል አይቻልም፤ አንዷ ከፈረጠች ሌሎቹንም ታበላሻለች። በሆስፒታል ልብስ ንጽሕና ክፍል ዕድሜዋን ሙሉ አንሶላ የተኮሱት ሰፋፊ እጆቿ፣ ከጤፍ ቅንጣት ያነሰች እንቁላል ሲያገላብጡ ምንም አይንቀጠቀጡም። ማይክሮስኮፑ የቆመው ማዕድ ቤት ውስጥ፣ በዳቦ ሳጥኑና በሻይ ማንቆርቆሪያው መካከል ነው።

እንቁላሎቹ የድንጋይ ዝንብ ናቸው። የዝንቧ ልጆች ከጅረት ድንጋይ ሥር ስለሚያድጉ ነው እንዲህ የምትባለው። በየጸደዩ ዩና የመንደሩን አዳራሽ የጠረጴዛ ልብሶች አጥባ ከኮራ ጅረት ዳር ስታሰጣ፣ ጠቆር ያሉ፣ አንገታቸው ቢጫ የሆነ ዝንቦች ነጩ ላይ ያርፋሉ። ሁሉም ሴቶች ናቸው፤ ሆዳቸው ጫፍ ላይ የእንቁላል ድብልብል ተሸክመዋል። ዩና ጥቂቶቹን አልኮል ባለበት ብልቃጥ ከትታ ሆባርት ከተማ ወዳለው ሙዚየም ወሰደቻቸው። ነፍሳት የምታጠናው ዶክተር ኢንግሪድ ከሚታወቁት ሴት የድንጋይ ዝንቦች ጋር ብታስተያያቸው አንዷንም አልመሰሉም። «ሥዕሉን አንቺ ሥሪው» አለቻት፤ ከዚህ በፊትም ስለሣለችላት የዩናን እጅ ታውቀዋለች።

ወሬው ግን ከሥዕሉ ቀድሞ ተዳረሰ። ታላቅ ወንድሟ ክላሪ ዓሣ ሲያጠምድ ላገኘው ሁሉ «ዝንቧ በጅረታችን ስም ልትጠራ ነው» እያለ ነዛው። የአዳራሹ ኃላፊ ዶት ለቅዳሜ እራት ኬክ እጋግራለሁ አለች፤ ሌላውም እንደ ልማዱ ከየቤቱ ምግብ በሳህን ይዞ እንዲመጣ ተነገረ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዶክተር ኢንግሪድ ሥዕሎቹን ልታይ መጣች። እንቁላሏን አይታ አልጠገበችም፤ በአንድ ጫፏ ክዳን፣ በሌላው አንገትጌ፣ ዙሪያዋን ጠመዝማዛ ሸንተረር። ከዚያ የሻይ ስኒዋን አስቀመጠች።

«ስም የማውጣቱን ነገር አስቢበት፣ ዩና። ወንዱን እኮ አላየነውም። ካልሽ አወጣለሁ፤ ክልክል አይደለም።»

«ታዲያ ምን ያስፈራሻል?»

«በወንዱ ብቻ የሚታወቁ ዝርያዎች አሉ፤ ሴቶቻቸውን ማንም አላየም። ይቺ የአንዱ ሚስት ብትሆንስ? ያን ጊዜ የባሏ ስም ስለሚቀድም እኛ ያወጣነው ይሰረዛል።»

«ባለትዳር ልትሆን ትችላለች ነው የምትይኝ?»

«አዎ። ወይም ደግሞ "ስሟ ያልታወቀ" ብለን፣ ሴቷንና እንቁላሏን ብቻ በደንብ ጽፈን በሳይንስ መጽሔት እናወጣለን። አንቺ ወስኚ።»

ዩና የጅረቱን ስም ታትሞ ማየት በጣም ትፈልግ ነበር። በዚያ ላይ ኬኩ አለ።

ማታ አዳራሹ ሞላ። በኬኩ ነጭ ክሬም ላይ በእንጆሪ ጭማቂ «የኮራ ዝንብ» ተብሎ ተጽፏል። ዩና ሰው ፊት መናገር አትወድም፤ እስከ ጆሮዋ ቀላች።

«ዝንቧ ስም አይወጣላትም» አለች ባንድ ትንፋሽ። «ባሏ አልተገኘም። ምናልባት ስም ያለው ባል ይኖራት ይሆናል።»

ዶት ቢላዋዋን እንደያዘች ቀረች። «ኧረ ዩና! ኬኩ ላይ ጽፌዋለሁ እኮ!»

«ታዲያ ስሙን እንብላዋ፣ ዶትዬ።»

መጀመሪያ የሳቀው ክላሪ ነው። «አያችሁልኝ እህቴን? ለዝንብ እንኳ የጋብቻ ወረቀት ትጠይቃለች!»

«አንተ ደግሞ ዝም በል! ወሬውን የነዛኸው አንተ አይደለህ?» ዶት ትልቁን ቁራጭ ሳህኑ ላይ ጣለችለት። «እንካ፣ አፍህን ትዝጋልህ።»

ቁራጯ አፉን አልዘጋችውም። «ግን ባሎቹ የት ገብተው ነው? ይሄን ሁሉ ዓመት አንድ ወንድ እንኳ ብቅ አይልም?»

«ወንድ መች ልብስ ከሚሰጣበት ዝር ይላል! አንተስ ብትሆን ስንቴ ደርሰህ ታውቃለህ?» አለችው ዶት።

ሳቁ ጣራውን ነቀነቀው። ዩና ግን ሹካዋን አፏ ጋ አድርሳ ቆመች።

«ጅረቱ ዳር ያለው ቁጥቋጦ ውስጥ ፈልገን አናውቅም» አለች ወደ ኢንግሪድ ዞራ።

«ጃንጥላ ገልብጠሽ ከሥሩ ያዢና ቅርንጫፉን በዱላ ምቺው» አለች ኢንግሪድ። «ያለው ሁሉ ይረግፋል። ሥዕሎቹን ግን ጨርሰሽ ሰኞ ላኪልኝ፤ መጽሔቱ ከዚያ በኋላ አይቀበልም።»

ሰኞ ዩና ሥዕሎቹን በትልቅ ፖስታ አሽጋ የመልእክት መኪናው ሳይመጣ ደብዳቤ ወደሚሰበሰብበት ሱቅ ወጣች። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ እሷ ግን ጃንጥላ ይዛለች። ድልድዩ ጋ ስትደርስ ፖስታውን ጠርዙ ላይ አኑራ ድንጋይ ጫነችበት። አንድ ቁጥቋጦ ብቻ፣ አለች ለራሷ። ከመጀመሪያው ቅጠልና ሸረሪት ረገፈ። ሁለተኛውን መታችው። ከሴቶቹ በጣም ያነሰ፣ አንገቱ ቢጫ፣ ጠቆር ያለ ዝንብ ወደቀና በጃንጥላው እጥፋት ውስጥ ሽር ማለት ጀመረ። ዩና መንገዱ ዳር ቁጭ አለች።

የመልእክት መኪናው መጥቶ ጥሩምባውን ነፋ። «ዩና! የሚላክ አለሽ?»

«ቀስ በል፣ ነፋስ እንዳታመጣብኝ!» አለችው ቀና ሳትል።

መኪናው አለፈ። ፖስታው ድንጋዩ እንደተጫነበት ድልድዩ ላይ ቀረ።