አንድ ሰው ጎድሎ

ሥራዬ ቱይስዞርኽ ነው፤ በየቤቱ እየዞርኩ አረጋውያንን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒት አቀብላለሁ። ዴንሃግ ውስጥ ከማግዛቸው አንዱ ሽማግሌ አይሁዳዊ ናቸው። በዓመት አንዴ ከሥራዬ ውጭ የሆነ ነገር ይለምኑኛል። በእህታቸው ሙት ዓመት አምስተርዳም እወስዳቸውና፣ እሷ ትሄድበት በነበረው ትንሽ ምኩራብ ካዲሽ የሚሉትን የሙታን ጸሎት ያደርሱላታል። ከዘመድ የተረፉት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። አሁን ከእሳቸው በቀር የሚያስባት የለም። ዘንድሮ ደግሞ ልባቸው ደክሟል፤ የሚመጣውን ዓመት እንደማያዩት እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።

ከሰፈሬ ከሙርዋይክ በመኪናዬ ተነሥቼ፣ እሳቸውን ከነዊልቸራቸው ጭኜ ወጣን። አውራ ጎዳናው እንደ ልማዱ ተዘጋግቶ ቆየ። አምስተርዳም ስንገባ በድሮው የአይሁድ ሰፈር በኩል አለፍን። አንዳንዶቹ ምኩራቦች ሙዚየም ሆነዋል፤ ቲኬት የያዘ ጎብኚ በራቸው ላይ ተሰልፏል። ሽማግሌው በመስኮት እያዩ «ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ቢያበድሩን» አሉ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

እኛ የምንሄድበት በር ላይ ምልክት እንኳ የለም። አንድ ጎልማሳ ጠባቂ ቦርሳዬን በርብሮ ማን እንደሆንኩ፣ ለምን እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ደሜ ፈላ። «ተወው፣ እሱ ምን ያድርግ» አሉኝ ሽማግሌው። እውነታቸውን ነው። ሰው ለመጸለይ ዘበኛ የሚያቆምበት ከተማ መሆኑ ነው እንጂ የሚያናድደው፣ ዘበኛውማ ምን አጠፋ?

ካዲሽ የሚጸለየው አሥር አይሁዳውያን ወንዶች ሲሟሉ ነው። ሰውን በቁጥር መቁጠር ስለማይወዱ አሥር ቃላት ያሉትን የመዝሙር ጥቅስ በየሰዉ ላይ አንድ አንድ ቃል እየጣሉ ይደግማሉ። ዳዊት ሕዝቡን ቆጥሮ የመጣበትን መቅሠፍት እኛም እናውቃለንና ይህ አልገረመኝም። ጥቅሱ ግን ጠባቂው ጭምር ገብቶ ዘጠነኛው ቃል ላይ ቆመ። ከኋላ የተቀመጡ ሁለት አሮጊቶች አሉ፤ እነሱ አይገቡም።

ሕጉን አልነቅፍም። ሮተርዳም ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን አንድ እሑድ ከቭላርዲንገን የሚመጣው ዲያቆን ባቡር ቆሞበት ቀረ፤ አምስት ልዑካን አልሞላ ብሎ ሳይቀደስ ተበተንን። ያናደደኝ ሌላ ነው። ድሮ በዚህ ሰፈር መስኮት ከፍቶ መጣራት ይበቃ ነበር አሉ። አሁን ስልክ ይደወላል፦ አንዱ ታሟል፣ አንዱ ልጆቹ ዘንድ እስራኤል ሄዷል፣ አንዱ ስብሰባ ላይ ነው። ፀሐይ ከመግባቷ በፊት ካልተጀመረ የዕለቱ ጸሎት ያልፋል። ያ ሁሉ ጎብኚ ለማየት ተሰልፎ፣ እዚህ አብሮ የሚቆም አንድ ሰው ይጠፋል።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል አይደል? ከዘጠኙ አንዱ፣ ከእስራኤል ለጉብኝት የመጣ ሰውዬ፣ ዊልቸሩን ይዤ፣ በር ላይ የሰጡኝን ቆብ ደፍቼ ሲያየኝ ፊቱ በራ። እሱ ሰፈር ቤተ እስራኤል ብዙ ናቸው፤ ከእነሱ አንዱ አድርጎኛል። «ምን ትፈልጋላችሁ? ይኸው እኮ!» አለ። ጥቅሱን እንደገና ጀመሩ፤ የመጨረሻው ቃል እኔ ላይ አረፈ። አይሁዳዊ ነህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። እኔም ዝም አልኩ። በስምንተኛ ቀኔ ተገርዣለሁ፣ አሳማ በልቼ አላውቅም፤ እግዚአብሔር ለአንዲት ሟች ብሎ በዚህ አይጣላኝም ብዬ አሰብኩ።

ጸሎቱ ተጀመረ። የካዲሹ ተራ ሲደርስ ሽማግሌው ክንዴን ተደግፈው ተነሡ። አፋቸውን ከፈቱ፤ ደግሞ ዘጉት። «ይሄ ልጅ ክርስቲያን ነው» አሉ።

ከእስራኤል የመጣው ሰውዬ ይቅርታ በሚመስል ፊት አየኝና መጽሐፉ ላይ አቀረቀረ። የቀረውን እያንዳንዱ ለየብቻው በለሆሳስ አነበበ። ካዲሹ ሳይባል ፀሐይ ገባች።

መኪና ውስጥ መታገሥ አልቻልኩም። «እኔ ዝም ካልኩ እርስዎ ምን ነካዎት? ይህን ሁሉ መንገድ መጥተን! ዘንድሮ ካልሆነ መቼ ሊሆን ነው?» አልኳቸው። ድምፄ ከልኩ በላይ ወጥቶ ነበር። ሽማግሌ ላይ እንዲያ ጮኼ አላውቅም።

እሳቸውም እንዲህ አሉ፦ «በጦርነቱ ጊዜ እኔንና እሷን አንድ ገበሬ ከጀርመኖች ደብቆን ነበር። የክርስቲያን ስም አወጣልን፤ ማዕድ ሲቀርብ እናማትብ ነበር። እኔ ሕፃን ስለነበርኩ አዲሱን ስሜን ቶሎ ለመድኩት፣ የራሴንም መርሳት ጀምሬ ነበር። እሷ ናት ብቻችንን በሆንን ቁጥር በጆሮዬ እውነተኛ ስሜን የምትነግረኝ። ሳልደግምላት አትለቀኝም። ታዲያ እንዴት አድርጌ ነው በውሸት ሰው አሟልቼ የማስባት?»