ከብት ያልዘለለው ታላቅ ወንድም

በማግስቱ ልሄድ፣ የዋዜማው ዕለት አመሻሽ ላይ ጂንካ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን የሽኝት ጸሎት አደረገችልኝ። ዲቪ የደረሰኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ ያለቀሰው ግን ምእመኑ በሙሉ ነው። ከወላይታ መጥተው ስንት ዘመን በእኛ አገር ወንጌል የሰበኩት ጋሽ ታደሰ ጭንቅላቴ ላይ እጃቸውን ጭነው፣ «ጌታ ሆይ፣ ይህን ልጅ ከከብት በረት አውጥተህ ወደ አሜሪካ ወሰድከው!» ሲሉ አሜን ያላለ ሰው አልነበረም። እኔም አልኩ። ከበረት ከወጣሁ እንኳ አሥራ አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ ያደግኩት እዚያው ጂንካ በቤተ ክርስቲያኒቱ ሆስቴል ነው። ግን ጸሎት መሀል ማን እርማት ያቀርባል?

ጸሎቱ ረዘመ። ለአውሮፕላኑ ተጸለየ፣ ለፓይለቱ ተጸለየ፣ አንዲት እናት ለጎማው ሳይቀር ጸለዩ። ታናሽ ወንድሜ ሙዳ ቀይ አፈር አጠገብ ካለው መንደራችን መጥቶ ደጃፉ ላይ ትንሿ የእንጨት መቀመጫው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ሁሉም ተሰናብቶኝ ሲበተን ተነሳና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ።

«መቼ ትዘላለህ?»

ለማታውቁት ላስረዳ። እኛ በናዎች ዘንድ ወንድ ልጅ ጎን ለጎን የቆሙ ከብቶች ጀርባ ላይ ራቁቱን ሮጦ ካልተሻገረ ሙሉ ሰው አይባልም፣ ሚስትም አያገባም። ታናሽ ደግሞ ታላቁን አይቀድምም። ታላቁ እኔ ነኝ። እኔ ካልዘለልኩ ሙዳ አይዘልም፤ ሙዳ ካልዘለለ ደግሞ ያጫትን ጎይቲን አያገባም። ነገሩ ይሄው ነው።

የእኔ መልስ የታወቀ ነበር። ዝላዩ ባዕድ አምልኮ ነው፣ መጠጥ አለበት፣ ደም አለበት፣ እህቶች ለወንድማቸው ክብር ብለው ጀርባቸውን ይገረፋሉ ብለው ጋሽ ታደሰ አስተምረውኛል። የእህቶቹ ነገር እስከ ዛሬም ይዘገንነኛል። ነሪ ወንዝ ውስጥ ተጠምቄ ስወጣ ወደ አሮጌው ነገር አልመለስም ብያለሁ። ለአገር ሽማግሌዎችም «ጌታ ከለከለኝ» አልኳቸው።

እዚህ ላይ፣ ጋሽ ታደሰ እንደሚያነቡት እያወቅኩ፣ አንድ ነገር ልናዘዝ። የከለከለኝ ጌታ ብቻ አይደለም። ፈርቼም ነው። ልጅ ሳለሁ አንድ ጎረምሳ ከሦስተኛው ከብት ላይ ተንሸራቶ ወደቀና አገር ሳቀበት። ከዚያን ቀን ወዲህ በሬ ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይራለሁ። እናም ወንጌል ሲደርስልኝ ነፍሴም ዳነች፣ እግሬም ዳነ።

ለሙዳ ይህን አልነገርኩትም። «እዚያ ልድረስና ሁኔታውን አይቼ አሳውቅሃለሁ» አልኩት፣ ነገ ተመለስ እንደሚል የወረዳ ጸሐፊ። «እሺ» አለኝ። ንጋት ላይ በአሥራ አንድ ሰዓት ሻንጣዬን ተሸክሞ መነኸሪያ አደረሰኝ፤ አውቶቡሱም ሄደ።

ስፖንሰር የሆነልኝ በአርካንሳስ አንዲት ትንሽ ከተማ ያለች የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ነው። ወገኖቼ፣ ሙቀቱ የአርቦሬ ሙቀት ነው። ልዩነቱ አርቦሬ ላይ ሰው ዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ እዚህ ቤቱን ፍሪጅ አድርጎ በበጋ ሹራብ ይለብሳል። ግሪትስ የሚሉት ነገር አላቸው፤ የእኛው የበቆሎ ገንፎ ነው፣ ጨው መርሳታቸው ካልሆነ። ኮላርድ የሚሉትን ቅጠል ሳይማ የአገሬ ሽፈራው መስሎኝ እንባዬ መጣ። ጎረስኩት። ውስጡ የአሳማ ሥጋ አለ።

«በአዲስ ኪዳን ነፃ ነህ እኮ!» አሉኝ ፓስተር ራንዲ፣ የቤተ ክርስቲያኒቱ መጋቢ።

«እኔ ነፃ ነኝ፤ ሆዴ ነው ገና ያልሰማው» አልኳቸው።

ሥራ ያገኘሁት ዶሮ ፋብሪካ ነው። የከብት አርቢ ልጅ ቀኑን ሙሉ የዶሮ ክንፍ ስቆርጥ እውላለሁ። ይህንን ለእናቴ አልነገርኳትም፤ «ከእንስሳት ጋር ነው የምሠራው» ብያታለሁ።

ቤት ያከራዩኝ ሚስ ዋንዳ የሚባሉ ባልቴት የዚያችው ቤተ ክርስቲያን አባል ናቸው። ውሉን ሳያስፈርሙኝ በፊት መነጽራቸውን አድርገው መረመሩኝ።

«ትጠጣለህ?»

«ኧረ አልጠጣም።»

«ትጨፍራለህ?»

«ለጌታ ብቻ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ጌታን እየጨፈርክ ነው የምታመልከው?»

«አጨበጭባለሁ፣ እዘላለሁ፣ እልልም እላለሁ።»

«ፎቁ ላይ ባይሆን ይሻላል። ወለሉ አሮጌ ነው» አሉኝና ፈረምን።

እሑድ ገብቼ ሳይ ነገሩ ገባኝ። ጂንካ ስናመልክ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፤ እዚህ ሰዉ ማትሪክ የሚፈተን ይመስል ፀጥ ብሎ ይቀመጣል። እኔ አንዴ «ሃሌሉያ!» ብዬ ስጮኽ ሁለት ዲያቆናት ያመመኝ መስሏቸው ውኃ ይዘው መጡ።

በሦስተኛው ወር ፓስተር ራንዲ ለሚሲዮን እሑድ ምስክርነት እንድሰጥ ቢሯቸው ጠሩኝ። ምስክርነት እዚህ ፎርም አለው፤ ከመዳን በፊት፣ መዳን፣ ከመዳን በኋላ።

«ከመዳንህ በፊት ምን ነበርክ?»

«የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ።»

«ኃጢአትህን ነው የምጠይቅህ።»

አሰብኩ። «ከሆስቴሉ ወጥ ቤት ስኳር ሰርቄያለሁ።»

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ኢንተርኔት ላይ አይቻለሁ፤ እናንተ ዘንድ በሬ ይዘለላል። አልዘለልክም?»

«አልዘለልኩም። ኃጢአት ነው ተብዬ።»

«ኃጢአትማ ነው» አሉና በጣም ቅር ብሏቸው በመስኮት ተመለከቱ። «ግን ዘለህ ቢሆን ኖሮ…»

እሑድ ስመጣ በሩ ላይ ትልቅ ፖስተር ተሰቅሏል፤ አንድ ወጣት በከብቶች ጀርባ ላይ ራቁቱን ሲሮጥ፣ ወገቡ ላይ የእኔ ስም ተጽፎ ሸፍኖለት። «ይሄ እኔ አይደለሁም» ብዬ አመለከትኩ። «የአገርህ ሰው ነው አይደል?» አሉኝ። እኔ ሱፍ ለብሼ፣ ክራቫት አስሬ ነው የመጣሁት። አንዲት ሴት አዝነው «የባህል ልብስህን አላመጣህም እንዴ?» ሲሉኝ «ሱፍ መልበስ ያስተማሩኝ እናንተ የላካችኋቸው ሚሲዮናውያን ናቸው» አልኳቸው። የምቀልድ መስሏቸው ሳቁ።

ሙዳ ሐሙስ ሐሙስ ከቀይ አፈር ገበያ ሲመለስ ይደውልልኛል፤ እኔ ጋ ጠዋት ነው፣ ፋብሪካ ልገባ ስል። ስለ ዝናብ ያወራኛል፣ ስለ ከብቶቹ ያወራኛል፣ መጨረሻ ላይ «እና መቼ ነው?» ይለኛል። ዓመት ሄደ፣ ሌላም ዓመት ሄደ። ጎይቲም እየጠበቀች ነው።

በዚህ መሀል ቤተ ክርስቲያናችን ከከተማ ወጣ ብሎ ካውቦይ ቸርች የሚሉትን የከብት ጠባቂዎች ጉባኤ ከፈተች። ቅዳሜ ሄድኩ። አጥር ታጥሯል፣ ሰዉ ባርኔጣ አድርጎ ተቀምጧል፣ ፓስተር ራንዲ ራሳቸው በቡት ጫማ ማይክ ይዘው፣ «ጌታ ሆይ፣ ልጆቹንም በሬዎቹንም ባርክ» ብለው ጸለዩ። አሜን ሲባል በሩ ተከፈተና አንድ ጎረምሳ በሬ ጀርባ ላይ ተቀምጦ ብቅ አለ። በዓይኔ ነው ያየሁት! እናቱ አጠገቤ ናት፤ ዓይኗን ሸፍናለች። በሬው ወረወረው። አሁን አገር ይስቅበታል ብዬ ስሸማቀቅ፣ ሰዉ ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበለት። ቀጥሎ ስብከት ሆነ።

ሲያልቅ ሮጬ ፓስተሩ ጋ ሄድኩ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ባህል ነው። ካውቦዩን ወደ ጌታ የምናመጣው በገዛ ባህሉ ነው።»

«ወንድሜ እኮ እኔን እየጠበቀ ሳያገባ ቀረ። ሄጄ፣ መጠጡም ግርፊያውም ቀርቶ፣ እንዲያው ዘልዬ ብመለስስ?»

ፊታቸው ተለወጠ። «ያ ሃይማኖት ነው። ይሄ ስፖርት ነው።»

«የተጸለየው ግን እዚህ ነው።»

«ስማኝ ወንድሜ፣ ከመዳንህ በፊት ዘለህ ቢሆን ምስክርነት ነበር። አሁን ብትዘል ክህደት ነው።»

ጂንካ ደወልኩ። ጋሽ ታደሰም ያንኑ አሉኝ፣ ተማክረው ያደሩ ይመስል። በጣም ተናደድኩ፤ ለይምሰል ነው እንጂ ውስጤማ ደስ ብሎታል። ሁለት አገልጋይ ከከለከለኝ ማን ፈሪ ይለኛል?

«ቤተ ክርስቲያን አልፈቀደችልኝም» አልኩት ሙዳን።

«ቤተ ክርስቲያንህን አልጠየቅኩም» አለኝ። «አንተን ነው የጠየቅኩት።»

በዘጠነኛው ዓመት የጎይቲ አባት መረረው፤ ልጄን ለካኮ መንደር ሰው እሰጣለሁ አለ። ሙዳ በዚያ ሐሙስ ስለ ዝናብም ስለ ከብትም አላወራም።

«ሽማግሌዎቹ መላ አገኙ» አለኝ።

«ተመስገን! ምን አሉ?»

«ታላቁ ከሞተ ለታናሹ መንገዱ ክፍት ነው አሉ። ካልከፋህ ለቅሶህን እንቀመጥ።»

«መቼ?» ብቻ አልኩ።

«ማሽላው ሲነሳ። ግን የተለቀሰለትን ሰው እናቱ አታናግርም ተብሏል። ለእናታችን ነግሬያታለሁ፤ እሷም እሱን ጠይቀው አለችኝ።»

የሦስት ሳምንት ዕረፍት ነበረኝ። ፓስፖርቴ መሳቢያ ውስጥ ነው። «ቆዩኝ፣ መጣሁ» ማለት ሁለት ቃል ነው። ሙዳ ስልኩን አልዘጋም፤ እነዚያን ሁለት ቃላት እየጠበቀ እንደሆነ በትንፋሹ አውቃለሁ። የፋብሪካው ደወል ተደወለ።

«ልቀሱልኝ» አልኩት።

አለቀሱልኝ። ሙዳም ዘለለ፤ አራት ጊዜ ሄዶ ተመለሰ፣ አንዴም አልተንሸራተተም። ጎይቲን አገባ፣ ሴት ልጅ ወለዱ። ዛሬም ይደውልልኛል፤ እናቴ አጠገቡ ስትሆን «አንተ ሰውዬ» ነው የሚለኝ። እሷ ማን እንደሆንኩ ታውቃለች። ግን ለቅሶ ተቀምጣልኛለች፣ ፀጉሯን ተላጭታልኛለች፤ የሆነው ሆኗል።

ባለፈው ሐሙስ ልንዘጋ ስንል ድምጿን ሰማሁት።

«ያን ሰውዬ ጠይቀው» አለችው። «እናት አለችው ወይ በለው።»

«አለችኝ በላት» አልኩ።

ነገራት። «ታዲያ ለምን አይደውልላትም?» አለች።