ሳያጠና ገጽ የማይቀድ ሰው

ነገሩ አንድ ጥቅል ጨርቅ ነው ያስከፈለኝ። ሠላሳ ሜትር ሰማያዊ የመጋረጃ ጨርቅ። በዚያን ጊዜ ከዚያ ጥቅልና ከለበስኩት ልብስ በቀር ናይሮቢ ውስጥ የእኔ የሚባል ነገር አልነበረኝም።

ያስታወሰኝ የልጅ ልጄ የሊያ ወረቀት ነው። ባለፈው ቅዳሜ ኪሊማኒ ሰፈር እነሱ ቤት ምሳ በልተን ስናበቃ «አባባ፣ ሰኞ ኩዊዝ አለብኝ፤ ጠይቀኝ» ብላ ሰጠችኝ። ፒ እና ኤች የተባሉት ፊደላት ጎን ለጎን የሚገኙባቸው ረጃጅም የእንግሊዝኛ ቃላት ከነትርጉማቸው ተደርድረውበታል። ሦስተኛው ቃል ላይ ስትደናቀፍ ወረቀቱን ሳላይ ትርጉሙን ነገርኳት። አራተኛውንም፣ አምስተኛውንም። ልጅቷ ስልኳን አስቀመጠች፤ ይህ በእነሱ ቤት ቀላል ነገር አይደለም።

«አንተ ስኩል አልገባህ፤ ሃው?» አለችኝ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ኢስትሊ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር፣ የሞያሌው ሰው የሐጂ ኢድሪስ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሜ ጨርቅ እሸጥ ነበር። የዝናቡ ወራት ሲመጣ የመንገዱ ጭቃ ጫማ ይውጣል፤ ማታቱ የሚባሉት ሚኒባሶች በበረሩ ቁጥር ሻጩንም ገዢውንም እኩል ይረጫሉ። ከመንገዱ ማዶ አንድ ኬንያዊ ሽማግሌ በከሰል ላይ ኦቾሎኒ እየቆላ ይሸጣል። የጨውና የከሰል ሽታው የጭቃውን ሽታ ያስረሳ ነበር። ድሮ አስተማሪ ነበረ አሉ፤ ሁሉም ሰው በስዋሂሊ «ምዋሊሙ»፣ መምህሩ፣ ይለዋል። ለደንበኞቹ ኦቾሎኒውን የሚጠቀልለው ከአንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በቀደደው ገጽ ቁራጭ ነው።

ሌላው ሰው በልቶ ወረቀቱን ይጥላል። እኔ ቅባቱን በሱሪዬ ጠርጌ ትራሴ ሥር አኖራለሁ። እንግሊዝኛ ያለው ነጋዴ የሀብታሞቹ ሰፈር ሩንዳ ድረስ ገብቶ ለትልልቆቹ ቤቶች መጋረጃ ይሸጣል ይባል ነበር፤ ልቤ እዚያ ነው። ፊደሉን እቆጥራለሁ፤ ትርጉሙን ገበያ ሲቀዘቅዝ ሐጂ ያነብልኛል። ሁለት ወር ሙሉ ታዲያ የሚደርሰኝ ወረቀት ሁሉ ፒ እና ኤች ነው። ቃላቱ ስለበዙ መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን «ምዋሊሙ፣ መጽሐፉን ከምትቀደው ለእኔ ሽጥልኝ» አልኩት።

«ሳላጠና አልቀድም። የቀደድኩት ሁሉ እዚህ ነው» ብሎ ግንባሩን ነካ።

ሳቅሁ። «ኦሪጅናል ነው» እየተባለ ስንት ነገር ተሽጦልኛል።

«የቀደድከው እኔ ጋ ነው። አሥር ቃል ልጠይቅህ። አንዷን ከሳትክ መጽሐፉ የእኔ ነው።»

«ካልሳትኩስ፣ ኪጃና?» አለ። ኪጃና ወጣት ማለት ነው። እኔን ግን አያየኝም። ትከሻዬ ላይ ያለውን ጥቅል ነው የሚያየው። አስያዝኩት።

ሐጂ ኢድሪስ ቁማር ሐራም ነው አለና በርጩማውን አውጥቶ ዳኛ ሆነ። «እኔ ወረቀቱን ነው የምይዘው፤ ኃጢአቱን ተካፈሉት።»

ስሕተቴ የጨርቅ ነጋዴ ስሕተት ነው። ሲረዝም ዋጋው ይጨምራል ብዬ በጣም ረጃጅሞቹን መረጥኩ። ሽማግሌው ግን አንዱን ከአንዱ ሳያስበልጥ ይመልሳል። ፍሌቦቶሚስት፤ ከደም ሥር ደም የሚቀዳ ባለሙያ። ፊላንትሮፒስት፤ ለሰው ልጅ ፍቅር ብሎ ገንዘቡን የሚሰጥ። «ይኼኛው በዚህ ሰፈር ሥራ የለውም» አለ ሐጂ። ፊዚዮግኖሚ ስለው ሳቅ አለ።

«የሰውን ጠባይ ከፊቱ ማንበብ። አንተ ዋጋ ከመጥራትህ በፊት የምታደርገው።»

በየቀኑ እንጀራ የምበላበት ሙያ ስም እንዳለው ያን ቀን ሰማሁ።

አሥረኛው ፎስፎረሰንስ ነበር። ኦቾሎኒውን ማማሰል ተወ። ጥቅሌ የተረፈ መሰለኝ። ዓይኑን ጨፍኖ «እሳት የሌለው ብርሃን» አለ። «የሚያበራ፣ የማያቃጥል።»

ሐጂ ወረቀቱን አይቶ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ሽማግሌው ግን አልጨረሰም።

«በወጣትነቴ ላሙ ደሴት ላይ ሳስተምር፣ በጨለማ ባሕሩ ውስጥ እጄን ስነክር ጣቶቼ አበሩ። አርባ ዓመት ሙሉ ለማንም መናገር አቃተኝ፤ ምን ብዬ ልጀምር? ስሙን ያገኘሁት ባለፈው ወር፣ እዚህ ጭቃ ላይ ቆሜ ነው።»

ሊገዙ የቆሙት ሰዎች ኦቾሎኒያቸውን ለመቀበል እጃቸውን አልዘረጉም። እኔም ለአፍታ ጥቅሌን ረሳሁ። አንድ ሰው ያን ሁሉ ዘመን የተሸከመው ነገር ኦቾሎኒ በተጠቀለለበት ቁራጭ ላይ ተጽፎ ጠበቀው። ወረቀቱን ከሐጂ እጅ ተቀብዬ አየሁት፤ ፊደል እንጂ የሚያበራ ነገር የለበትም።

«ጨርቁን ተወው ልጄ» ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላለም። ትከሻው ላይ አድርጎ ሄደ፤ ከቀትር በፊት ቀጣዩ መንገድ ላይ ሸጠው። አኩርፌ ሦስት ቀን ኦቾሎኒ አልገዛሁም።

በአራተኛው ቀን ተሻግሬ ስሄድ ዓይኑ ላይ አዲስ መነጽር አየሁ፤ የእኔ ሠላሳ ሜትር። መጽሐፉን ወደ ፊቱ አቅርቦ እያነበበ ነው። ያኔ ገባኝ። ፒ እና ኤች ሁለት ወር የፈጁት ቃላቱ በዝተው አልነበረም። ዓይኑ ደክሞ አንዱን ገጽ ቶሎ መጨረስ አቅቶት፣ ሳላጠናም አልቀድም ብሎ፣ እዚያው ቆሞ ነበር። በወሩ ኦቾሎኒዬ በአር መጣልኝ። ከዚያ በኤስ።

እኔ ስምንት ወር የሐጂን ዕቃ ተሸክሜ እንደገና ጀመርኩ። ኋላ ሩንዳ ገብቼ መጋረጃ ስሸጥ እመቤቲቱ «ሃው መች» ብቻ ነው ያለችኝ፤ ከረጃጅሞቹ አንዱም አላስፈለገም። ሞያሌ አንድ ዓመት ነግጄ ስመለስ የሽማግሌው ቦታ ላይ ሌላ ሰው ጫማ ይሸጣል። መጽሐፉን ይጨርስ አይጨርስ የሚያውቅ አላገኘሁም።

ሊያ ይህን ሁሉ ሰምታ «ስሙ ማን ነበር?» አለችኝ።

በየቀኑ ከእሱ ገዝቻለሁ፤ ያለኝን ሁሉ ወስዶብኛል። አልጠየቅሁትም።

በፒ እና ኤች አርባ ሁለት ቃል አውቃለሁ። የሰውዬውን ስም አላውቅም።