ዘንገና ዳር የተከልነው ድንኳን

ቅዳሜ ማለዳ፣ ባሕር ዳር

ባለቤቴ ዳዊት የወንድሙን አሮጌ ሚኒባስ ወንበሮች ነቅሎ ፍራሽ አንጥፎበታል። ከኋላ ቡታጋዝ፣ የውሃ ጀሪካን፣ ብርድ ልብስ፣ ከጓደኛው የተዋሰው ትልቅ ነጭ ድንኳንም አለ። እኔ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ከመድኃኒት መደርደሪያ ሌላ ነገር ካየሁ ቆይቻለሁ። ሐሳባችን ዘንገና ሐይቅ ዳር አንድ ሌሊት አድሮ መመለስ ነው። መራዊን ስናልፍ ፀሐይ ገና ብቅ እያለች ነበር።

ረፋድ፣ ዳንግላ

ፍርፍር በልተን ስናበቃ ገመድ እንደሚያንሰን ትዝ አለን። ገበያው አጠገብ ያለው ሱቅ ባለቤት ነጭ ቆብ ያደረጉ ሐጂ ናቸው። ለድንኳን ነው ስንላቸው ሰርግ ነው ወይስ ለቅሶ ብለው ጠየቁን። ለሽርሽር መሆኑን ዳዊት ሲያስረዳ ገመዱን መለካታቸውን ትተው አዩን።

«በኮሶበር ብርድ? ሜዳ ላይ?» አሉ። አዝነውልን ነው መሰለኝ ጥቂት ክንድ መርቀው ቆረጡልን።

አዲስ ቅዳም ከተማ ላይ የከሰል ማዳበሪያ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞ ተደርድሯል። ሐጂው ኮሶበር ያሏት እንጅባራ ስንደርስ ብርዱ በመስኮት ገባ፤ የቀርከሃ ወንበርና አልጋ መንገድ ዳር ይሸጣል። ድንች ገዝተን አለፍን።

ከሰዓት በኋላ፣ ዘንገና

ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ እንዳልን መሬቱ ድንገት ጎደጎደ፤ ከታች፣ በደን የተከበበ ክብ አረንጓዴ ውሃ ተኝቷል። የሐይቁ ጥበቃ፣ ደኑ የተከለለ ስለሆነ፣ ከዛፎቹ ወጣ ብሎ ያለውን ሜዳ አሳየን። ዳዊት ወዲያ ወዲህ እያለ ቦታውን በእርምጃ ለካ፤ ችካል መታ፣ ገመድ ወጠረ፣ ከብትና ሰው እንዳይደናቀፍ በየችካሉ ቀይ ጨርቅ አሰረ። እኔ ዙሪያውን ፎቶ አነሳሁ።

ከሜዳው ማዶ፣ አንዲት የቆርቆሮ ቤት ደጃፍ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆመው ያዩናል። ጎንበስ ብዬ ሰላምታ ሰጠኋቸው። ሳይመልሱ ገቡ። ዓይን አፋር ናቸው አልን። ጦጣ ዳቧችንን ነጥቃ ስትሮጥ ስቀን፣ ድንቹን ቀቅለን በልተን ተኛን።

እሑድ ጠዋት

የቆርቆሮ ጩኸት ቀሰቀሰን። ሽማግሌው ጣራ ላይ ወጥተው ምስማር ይነቅላሉ። በሰንበት እንዲህ ያለ ሥራ ገረመን፤ ሆኖም ወተት ካላቸው ልንገዛ ሄድን።

ደጁ ላይ ደረስን። አልጋው፣ እንስራው፣ የእህሉ ጆንያ ሁሉ ውጭ ወጥቷል። ዶሮዎቹ እግራቸው ታስሯል። የጣራው ግማሽ ተገፏል። ጆንያው ላይ የተቀመጡት ሴትዮ እኛን ሲያዩ ብድግ ብለው ነጠላቸውን አጣፉ፤ ለባለሥልጣን እንደሚደረገው።

«እስከ መቼ ነው የሰጣችሁን?» አሉ።

ምኑን እንደሆነ አልገባኝም። ሽማግሌው ከላይ ሆነው መለሱልኝ።

«ቆርቆሮውንና እንጨቱን ብቻ ላውርድ። ከዚያ ቦታው የናንተ ነው።»

ነገሩን የተረዳነው ሽማግሌው፣ አያ ስንሻው፣ ከጣራው ሳይወርዱ ቁርጥርጥ አድርገው ሲነግሩን ነው። ቀድሞ የሚኖሩት ሌላ አገር፣ ከተማ ጫፍ ላይ ነበር። አንድ ቀን ሰዎች መጥተው ነጭ ድንኳን ተከሉ፤ ሜዳውን ለኩ፣ ቀይ ጨርቅ ያለበት ችካል መቱ፣ ፎቶ አነሱ። ብዙም ሳይቆይ ዶዘር መጣ። ቆርቆሯቸውን እንኳ ሳያተርፉ ቀሩ። ከዚያ የባለቤታቸው የእቴ ጥሩዬ ዘመዶች ወዳሉበት ወደዚህ መጥተው ይህችን ቤት እንደ አዲስ ሠሩ። ትናንት ድንኳናችንን ሲያዩ ሁለተኛ አልቀደምም ብለው ቆረጡ።

ዳዊት ደጋግሞ አስረዳ። ለመዝናናት መምጣታችንን፣ ባሕር ዳር ቤት እንዳለን ነገራቸው። አያ ስንሻው መዶሻቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ሰሙትና፦

«ቤት ያለው ሰው ለምን ሜዳ ላይ ያድራል?» አሉ።

ዳዊት ሮጦ ጥበቃውን አመጣው። ጥበቃው በአገውኛ ረጅም ነገር ተናገረ፤ ወደ ድንኳኑም ወደ ሚኒባሱም እየጠቆመ። አያ ስንሻው ከጣራው ወረዱ። ከዚያ የነቀሉትን መልሶ እንዲመታላቸው መዶሻውን ለዳዊት አቀበሉት።

ሰማዩ ጠቁሯል፤ የግንቦት ዝናብ ነው። ጥበቃውና ዳዊት ጣራ ላይ ወጡ። እኔና እቴ ጥሩዬ የጎበጡትን ምስማሮች ድንጋይ ላይ እያቃናን አቀበልን። የመጨረሻው ቆርቆሮ ሲመታ ዝናቡ ወረደ። ጆንያውን እየጎተትን ገባን፤ የእህሉ ከፊል ረጥቧል። በድሮው ምስማር ቀዳዳ ሁሉ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። አያ ስንሻው ከግድግዳው ተደግፈው ጣራውን አሻቅበው ያያሉ። ይቅርታ ስጠይቃቸው፣ እናንተ ምን አጠፋችሁ ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ። ይህ ከስድብ በላይ ከበደኝ።

ከሰዓት በኋላ፣ መመለሻ

ድንኳኑን ነቀልን፤ ችካሎቹን አንድም ሳናስቀር ለቀምን። እቴ ጥሩዬ እስከ ሚኒባሱ ሸኙኝ። ዳዊት ዕቃ ሲጭን ክንዴን ይዘው ወደ ጎን ሳቡኝ፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ እናንተስ አይደላችሁም፤ አመንኩ። አንቺ ከተማ ነሽ፣ ትሰሚያለሽ። የሚመጡት መቼ ነው?»

አላውቅም አልኳቸው፤ እውነቴን ነው። ዓይኔን ትኩር ብለው አዩና ቀስ ብለው ክንዴን ለቀቁ። እየሸሸግኋቸው መሰላቸው። በሰላም ያግባችሁ ብለው መርቀው ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ከደጁ ሲደርሱም ጠዋት ያወጡትን አልጋ አልፈውት ገቡ። አልጋው ውጭ ቀረ።